የደም ዘቦች

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ሚካኤል

ሳሉ ከቀየት ገበያ ከጨውና ከበርበሬ ጋር መጣ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቅዳሴውን ዜማ ዋጠው። የተከለከለው ሣራችንን፣ የጓሳን ጥሪ በጡሩምባ የሚነፋው ወዳጆ ከአጠገቤ ቆሞ እንደ በግ ሲያስል አረፈደ፤ ስንወጣ፣ «ጋሽ አበጀ፣ ይኼ ነገር ጉንፋን ነው ወይስ እንደዚያኛው ነው?» አለኝ።

እንደዚያኛው ማለቱ በዐሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት የወረደው የኅዳር በሽታ ነው። እኔን የሚጠይቁኝ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስለ ነበርሁ ነው። ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ ነበር። ሠራተኛው ግማሹ ሞቶ፣ ግማሹ ሸሽቶ ስላለቀ ፈረንጁ ሐኪም እኔን ወደ ክፍሉ አስገባኝ። አንድ ቀን የበሽተኛ ደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ቀብቶ በማጉያው አሳየኝ። ቀያዮቹ እንደ ምስር ተበትነዋል። በመካከላቸው አልፎ አልፎ ነጣ ያሉ፣ ከቀያዮቹ የሚበልጡ አሉ። «እነዚህ የደም ዘቦች ናቸው። በሽታ ሲገባ ተጠራርተው ይወጣሉ» አለኝ። በሽታውን ራሱን ግን አላየነውም፤ ከማጉያው አቅም በታች ነው አለ።

ከዚያ በኋላ የብዙ ሰው ደም አየሁ። በጽኑ በታመሙት ደም ውስጥ ዘቦቹ ጥቂት ነበሩ። ሊሞት የተቃረበው ሰው ከጤነኛው ያነሰ ዘብ ነበረው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ዘብ ማብዛት ነው። ሰው ይብላ፣ ይሙቅ፣ ላቡ ይውጣ፤ ሠራዊቱ ይሰናዳ። ለወዳጆም ይህንኑ ነገርሁት።

ፊደል የቆጠርሁት ብቻዬን ነው፤ ይህንንም የተማርሁት ብቻዬን ነው። ያየሁትን ግን አልረሳም።

ኅዳር ፲፭

ጾም ገባ። ልጄ ዳኜ ከዱር መጣ። ጠመንጃውን ጭድ ውስጥ ቀበርነው። ከስቷል፤ ትከሻው ግን ያው ትከሻ ነው፤ በበሩ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ሚስቴ ጥሩሸዋ እግሩን ስታጥብ አለቀሰች። አለቃው ለገና ወደ ዱር እንዲመለስ ነው ፈቃድ የሰጠው።

ኅዳር ፲፰

አሰጋሽ መጣች። የበኩር ልጄ ናት፤ ወንዝ ማዶ ነው የምትኖረው። ባሏ ቅጣው ለጣሊያን ምሽግ እንጨት ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ከደጄ አላስገባትም። እርሷም ታውቃለች፤ ከካቡ ውጭ ቆማ ነው ወንድሟን የጠራችው። እኔ አውድማ ላይ ነበርሁ፤ ነፋሱ ወደ እኔ ነበርና ሰማኋቸው።

«ቅጣው መምጣትህን ያውቃል» አለችው።

«ታዲያ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። 'በቆብህ ላይ ሻሽ እሰርበት፣ የአርበኛ ጠጉርህ ከሩቅ ያስታውቃል በይው' አለኝ።»

ዳኜ ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። ዛሬ ዝም ያለ ሰው ነገ ዋጋ ሲያገኝ ይናገራል። ልጄን ለእንዲህ ያለ ሰው የዳርሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ጥሩ አራሽ ነበር።

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

ጓሳ ተሰረቀ።

ወዳጆ ከቅዳሴ በኋላ ሮጦ መጣ። በዚያኛው ተረተር ሣሩ እየታጨደ ነው፤ ለምሽጉ ቤቶች ክዳን ነው የሚሄደው። ጓሳ ከተከለከለ ጀምሮ አንድ በግ አልገባበትም፣ አንድ ማጭድ አልነካውም። ድሀው ቤቱን የሚከድነው፣ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚተርፈው በዚያ ሣር ነው። አባቶቻችን ያስቀመጡት ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ ሌባ ከገባ ጥሪ ይነፋል፤ ከቤቱ ጢስ የሚወጣ ሁሉ አንድ ወንድ ይልካል፤ ከቤቱ ወንዶች የጠነከረውን። ፈረስ ያለው በፈረስ፣ የሌለው በእግር። የቀረ ይቀጣል። ጥሪውን የሚያዝዝ እኔ ነኝ።

«ጋሽ አበጀ፣ ግማሹ ሰው እኮ ተኝቷል» አለ ወዳጆ። «የአጥናፉ ቤት ሦስቱም ያስላሉ። እኔም ብነፋ ትንፋሼ የሚበቃ አይመስለኝም።»

«ሕጉ የታመመ ይቅር ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያው ንፋ።»

ቤት ስገባ ጥሩሸዋ ጠበቀችኝ። «ልጁ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አለው፤ አንተ ራስህ ሂድ» አለችኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ከቤቱ የጠነከረው እርሱ ነው። የሌላውን ልጅ ከመኝታው አስነስቼ የእኔን ብደብቅ ነገ በማን ፊት እቆማለሁ? ይህን ስነግራት ዳኜ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ተዪው እማዬ» አላት። «የጣሊያን ጦርነት ይሻላል፤ ከዚያስ ፈቃድ ይገኛል።»

ኅዳር ፳፪

እኔም ወጣሁ። መቅረት ይገባኝ ነበር አሉ፤ አልቀርም።

ያን ያህል ፈረስ በአንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ሰዉ ከየአቅጣጫው ተጠራርቶ ተረተሩን ሞላው። የሚያስለው ያስላል፣ የሚፎክረው ይፎክራል። ሌባው ግን ገና ጥሪውን ሲሰማ ሸሽቷል። ያጨደው የአንድ አውድማ ያህል ነው፤ ሣሩም ታስሮ ተደርድሮ ቆየን። ሰዉ የሚይዘው ሲያጣ በየጉድባው ፍለጋ ገባ፤ ፈረሱ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። ወጀቡም መጣ። በውሃ የራሰ አፈር፣ ያን ያህል ኮቴ። ስንመለስ ዘወር ብዬ አየሁት። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው።

አንዱ እስር የታሰረበትን ገመድ ፈታሁት። ያን ገመድ አውቀዋለሁ፤ በነጭና በጥቁር በግ ጠጉር የገመድሁት እኔ ነኝ። አሰጋሽ ስትዳር ከሰጠኋት በቅሎ ጋር ሄዶ ነበር። ከበርኖሴ ሥር ከተትሁት። ለማስረጃ ነው። ለሽማግሌዎቹ በጊዜው አቀርበዋለሁ።

ዳኜ ከፈረሱ ሲወርድ ደገፍሁት። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል።

ኅዳር ፳፬

ትኩሳት። ጎኔን ይላል። ሳል፣ ደረቅ። በግ አረድሁ።

ኅዳር ፳፭

ለንስሐ አባታችን ለአባ መርስዔ ኃዘን ነገርኋቸው፤ በሽተኛ ነው ብለው ጾሙን ፈቱለት። ሾርባ፣ ቅቤ፣ ማር። ሁለት የበግ ጠጉር ባና አለበስሁት፤ እሳቱ እንዳይጠፋ አዘዝሁ፤ የበሩን ስንጥቅ በጭቃ ደፈንሁት። ይወዛል። ጥሩ ነው። ዘቦቹ እየተነሡ ነው ማለት ነው።

«አባባ፣ በሩን ክፈቱልኝ» ይለኛል። ትኩሳት ያለው ሰው ሁልጊዜ ብርድ ይመኛል።

ኅዳር ፳፰

ጥሪ ከወጣው ሰው ያልተኛ የለም ማለት ይቻላል። ከሁለት መንደር ዛሬ ዋይታ ተሰማ።

አጥናፉ ሞተ። ያ ከበሬው እኩል የሚጎትት ሰው። በአንድ መደብ አብረውት የተኙት እናቱ፣ ወይዘሮ እታገኝ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ገብስ ሲያበጥሩ ነበር። አንድ ጥርስ የላቸውም፤ ራሳቸው ይንቀጠቀጣል። «እኔን ጥሎ እርሱን መውሰድ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?» አሉኝ። በዐሥራ አንዱም እንዲሁ ነበር። ጎልማሳውን ይመርጣል፤ ሽማግሌውን አልፎት ይሄዳል። ብዙ ዘብ ያለው ለምን ይሸነፋል? ሐኪሙን ያን ጊዜ ጠይቄው ነበር፤ ትከሻውን ሰበቀ።

ወዳጆ ተሽሎታል። ጥሪው ባይነፋ ኖሮ ስንት ሰው በቤቱ ይቀር ነበር ሲል ሰማሁት፤ ለእኔ አይደለም የተናገረው። የእኔን ስም አልጠራም። ባይጠራም ማንን እንደሚል አውቃለሁ። ትናንት እጄን ይስሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ኅዳር ፴

አሰጋሽ ዛሬ ከካቡ ውጭ አልቆመችም። እስከ በሩ መጣች።

«አባባ፣ ልየው።»

«ከዚያው ሁነሽ ተናገሪ።»

«በሩ ይከፈትለት። በጀርባው አይተኛ፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ቅቤና ሥጋው ይቅርበት፤ ውኃ ይጠጣ፣ ብዙ ውኃ። እሳቱ ይውጣ፤ ጢሱ ነው የሚያፍነው።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«የምሽጉ ሐኪም ነው። ቅጣው እንጨት ሲያራግፍ አይቷል። የታመሙትን ሁሉ ደጅ አውጥቶ ነው ያስቀመጣቸው» አለች።

«ጠላት ነው የነገረሽ።»

«ለእኛ አይደለም እኮ የነገረን። ለራሱ ወታደሮች ሲያደርግ ነው ያየነው። ወታደሮቹን ደግሞ አይጠላቸውም፣ አባባ።»

መልስ አላት፤ ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መልስ አላት። ባልሽ የሰረቀው ሣር ነው ወንድምሽን ብርድ ላይ ያዋለው አልኋት። ፊቷ ተለወጠ፤ ስለ ሣሩ የማውቅ አልመሰላትም ነበር። «ሣሩን ያጨደ ቅጣው ነው» አለች። «ዳኜን ከመኝታው ያስነሣው ግን ቅጣው አይደለም።»

አባረርኋት።

ገመዱን እስካሁን ለሽማግሌዎቹ አላቀረብሁም። የታመሙት ይዳኑ ብዬ ነው።

ታኅሣሥ ፪

ከአጥናፉ ለቅሶ ብመለስ የቤቴ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቱ ወጥቷል። ዳኜ በገብስ ስልቻ ተደግፎ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደ በሩ ነው፤ ባናው ከትከሻው ወርዷል። አሰጋሽ ቅል ይዛ ታጠጣዋለች። ስታየኝ ቅሉን አስቀምጣ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። አልሮጠችም።

ጥሩሸዋን፣ «አንቺ ነሽ ያስገባሻት?» አልኋት።

«እኔ ነኝ።»

«ከስንት ቀን ጀምሮ?»

«አንተ ለቅሶ በሄድህ ቁጥር። ለቅሶ ደግሞ በዝቷል።»

ዐርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት። እኔ ስመግበው እርሷ ታስነሣዋለች፤ እኔ ስሸፍነው እርሷ ትገልጠዋለች። ሠራዊት በአንድ ቤት ሁለት አለቃ ካለው እንዴት ይዋጋል? ከውጭ የመጣ ጠላት ጠላትነቱ ይታወቃል። የማይታወቀው ከመደብህ የሚያድረው ነው።

ዳኜ፣ «አባባ፣ ዛሬ ተነፈስሁ» አለኝ።

በሩን ዘጋሁት። እሳቱን መለስሁት። እዚህ ላይ የምጽፈው ያደረግሁትን እንዳልሸሽግ ነው። ካየሁት ተነሥቼ ነው የዘጋሁት።

ታኅሣሥ ፬

ከንፈሩ ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ከንፈር በዐሥራ አንዱ አይቻለሁ። የሚተፋው አረፋና ደም ነው። በትንፋሹ ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስላል።

ማታ በሩን ከፈትሁት። ማንም አላዘዘኝም። ጥሩሸዋ አየችኝ።

ታኅሣሥ ፭

ዳኜ።

ታኅሣሥ ፮

በሌሊት ቀበርነው፤ አርበኛ ነውና ለቅሶ መቀመጥ አልቻልንም። ከተሸከሙት አንዱ ፊቱን ተከናንቦ ነበር። እግሩን አየሁት፤ ቅጣው ነው። ለምሽጉ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ብዙ ብር ያገኝ ነበር፤ አልተናገረም። ለዚህ ምስጋና አይገባውም። ማድረግ የሚገባውን ነው ያደረገው።

ታኅሣሥ ፱

እኔም። ጎኔ። ፊደሉ ይሸሸኛል።

ታኅሣሥ ፲፱፣ ገብርኤል

ድኛለሁ። ለምን እንደ ዳንሁ ግን የምጠይቀው የለኝም።

ስነቃ ራሴን ያገኘሁት በበሩ ፊት ተቀምጬ ነው፤ ከጀርባዬ ያው የገብስ ስልቻ። ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ነበር። አሰጋሽ ደረቴ ላይ እጇን አድርጋ አንቀላፍታለች። ውጪ ልላት አፌን ከፈትሁና ውኃ አልኋት።

ዛሬ እግሬን ለማፍታታት በበቅሎ እስከ ጓሳ አፋፍ ወጣሁ። ሌባው ያጨደው ቦታ ከሩቅ ይታያል፤ ሥሩን አልነካውምና ከጉቶው አረንጓዴ መጥቷል። ፈረሶቻችን የሮጡበት ግን አንድ ሣር አልቀናም። ሥሩ ተነቅሎ፣ አፈሩ ተገልብጦ፣ ውኃ ተኝቶበት በረዶ ሠርቷል። ሌባው የወሰደው የአንድ አውድማ ነው። ያጠፋነው ተረተሩን በሙሉ ነው። የጠበቅነው እኛ ነን።

በቅሎዋን አቆምሁ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የረሳሁት አይደለም፤ ከሌላው ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር።

በዐሥራ አንዱ ሐኪሙ የአንድ ጎልማሳ ሬሳ ደረት ከፈተ። ሳህኑን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ሳንባው እንደ ጉበት ከብዷል፤ ሲጫኑት አየር ሳይሆን ውኃ ነው የሚወጣው። ከዚያ ውኃ ጠብታ ወስዶ በማጉያው አየ፤ እኔንም አሳየኝ። ነጫጭ ነው። በደሙ ውስጥ የጠፉት ዘቦች በሙሉ እዚያ ነበሩ፤ በላይ በላዩ ተደራርበው፣ እርስ በርሳቸው ተረጋግጠው። «ይኸው መጡ» አለኝ ሐኪሙ፤ የደስታ ቃል አልነበረም። እኔ ግን ዘቦቹን በማየቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ አላነሱም ነበር። ከደሙ የታጡት ስላለቁ አይደለም፤ ጥሪ ሰምተው ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ሄደው ነው። የጎልማሳ ሰው ዘቡ ብዙ ነው፤ ፈረሱም ብርቱ ነው። ሌባው በሽታ ምናልባት ገና ሲጀመር ሄዶ ነበር። የወይዘሮ እታገኝ ዘብ፣ የእኔም ዘብ ያረጀ ነው፤ ግማሹ ጥሪውን አልሰማ፣ የሰማውም ፈረሱን እስኪጭን ነገሩ አለፈ።

ይህ በትክክል እንዲህ ነው አልልም። ሐኪሙ አልነገረኝም፤ እኔም ሐኪም አይደለሁም። ብርጭቆ ያጠብሁ ሰው ነኝ።

ዳኜን የከዳው የገዛ ደሙ ነው። ደሙን ደግሞ ማን ይከሰዋል? የሚያውቀውን ሠራ። ተጠራ፣ ወጣ። ጥሪ የሚያስነፋ ሰው ሣሩን ላጥፋ ብሎ አያስነፋም።

እዚህ ላይ ላቁም።

ታኅሣሥ ፳፱፣ ገና

አለቃው ዳኜን ጠብቆ ሰው ላከ። ጠመንጃውን ከጭዱ አውጥቼ ሰጠሁት።

ጥር ፫

ወዳጆ መጣ። ከበሩ ሳይገባ ነው የጀመረው።

«ጋሽ አበጀ፣ በታችኛው ተረተር እየታጨደ ነው። ዛሬ ጥሪ ከነፋን እንደርስበታለን።»

«አይነፋም።»

ያልሰማሁት መስሎት ደገመልኝ።

«ሰምቻለሁ። ሁለት ሰው በእግር ይሂድ። ፈረስ እንዳይገባ።»

«ሁለት ሰው? ሌባው ቢያስቸግራቸውስ?»

«በሰው ላይ ማጭድ የሚያነሣ ሌባ አይደለም። ሲታይ ይሄዳል።»

ወዳጆ በሩ ላይ የተቀመጠችውን አሰጋሽን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ሞኝ አይደለም። «ሌባው ማን እንደ ሆነ ያውቁታል ማለት ነው» አለኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«እኔ ያን ቀን ደም እየተፋሁ ነው የነፋሁት፤ ሕጉ ይቅር አይልም ስላሉኝ። አጥናፉ ተነሥቶ የወጣው ሕጉ ይቅር አይልም ስላሉት ነው። ዛሬ የእርስዎ አማች ሲሆን ነው ሕጉ የተለወጠው?»

«ለአማቼ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

ስለ ደም፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ነጫጮቹ ልነግረው እችል ነበር። የአጥናፉ ወንድም ከካቡ ውጭ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ነገሩን ሁሉ ብነግረው፣ ያን ቀን ባያስነፉ ኖሮ ወንድሜ አይሞትም ነበር ማለቱ አይቀርም።

ወዳጆ ጡሩምባውን ከትከሻው አውርዶ ደፌ ላይ አስቀመጠው። «ከዱን፣ ጋሽ አበጀ» አለኝ። አልጮኸም። «ከሌላ ሰው ቢሆን አይከብደኝም ነበር።»

ሲሄድ ጀርባውን አየሁት። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን ከዚህ ያነሰ ቃል አልናገርም ነበር።

ጥር ፭

ሁለቱ ሰዎች ተመልሰዋል። ሌባው ከሩቅ ሲያያቸው ማጭዱን ይዞ ወርዷል። የታጨደው የአንድ በሬ ቆዳ ያህል ነው። ሌላው ሣር ቆሟል።

ጥር ፲፩፣ ጥምቀት

ታቦቱን ሸኝቼ ስመለስ ሰላም ያለኝ ወይዘሮ እታገኝ ብቻ ናቸው።

አሰጋሽ ወደ ቤቷ ልትሄድ ተነሣች። ገመዱን ከበርኖሴ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። ነጭና ጥቁሩን በጣቷ ዳበሰችው፤ ከየት እንዳገኘሁት አልጠየቀችኝም። «ቅጣው ይህን ሲፈልግ ነበር» አለች።

«የጠፋበትን ቦታ ያውቀዋል» አልኋት። «ከእንግዲህ እንጨት ይሰርበት።»

እስከ ካቡ ሸኘኋት። ስመለስ ነፋሱ አመዱን ቤቱ ውስጥ እየበተነው ነው። ጥሩሸዋ በሩን ልትዘጋ ተነሣች።

ተዪው አልኋት።